ሐዲድ የሌለው ጣቢያ

፩

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ከጎንደር ተነሥተን ወደየወረዳችን ስንበተን ደባርቅ ላይ መኪና አጣንና አደርን። ምን ይደረግ፤ የለመድነው ነው። በማግሥቱ ማለዳ መናኸሪያው በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ከሚሞቁ አንድ አረጋዊ አጠገብ ቁጢጥ ብለን ጨዋታ ጀመርን። ከመካከላችን አፉ የማያርፍ አንዱ፣ «አባባ፣ ወደዚህ አገር ባቡር ይመጣል ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

አረጋዊው ቀና ብለው አዩንና፣ «ባቡርማ አለን እንጂ ልጆቼ! ከገበያው ጀርባ ነው። ናፍጣ ጨርሶ ቆሞ ነው እንጂ ከትናንት ወዲያ ሌሊቱን ሲፈጭ ነው ያደረው» አሉን።

ሳቅን። ለካስ ባቡር ያሉት የእህል ወፍጮውን ኖሯል። እርሳቸውም ምን እንዳሳቀን ሲገባቸው አብረውን ሳቁ። መኪናችን እስኪሞላ ግን ሁለት ሰዓት ያህል መጠበቅ ነበረብንና ነገሩን እያብላላን ስንሄድ ሳቃችን እየቀዘቀዘ መጣ። ባቡር የሚለው ቃል «ቫፖሬ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ዘር ነው፤ ትርጉሙም እንፋሎት ማለት ነው። ባላገሩ ታዲያ በሞተር የሚሠራውን ወፍጮ ባቡር ቢለው ምን አጠፋ? ቃሉ ዳገቱን ወጥቶ ስሜን ገብቷል፤ ዕቃው ግን አልመጣም። ቃልና ዕቃ መንገድ ላይ የተጠፋፉበት አገር ነው የእኛ አገር።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስላልመጣው ዕቃ ነው። ነገር ግን «ባቡር ይግባልን» የሚል አቤቱታ ለመጻፍ አይደለም የተነሣነው። አቤቱታ ብዙ ተጽፏል። ለማለት የምንሻው ይህ ነው፤ ታሪካችንን ብናገላብጠው መስመር ለመዘርጋት የደከሙ ብዙ ሰዎች እናገኛለን፤ አንዱን መስመር ከሌላው ለማገናኘት የተጨነቀ ግን ጥቂት ነው። ደባርቅ ላይ ያደርንበትም ምክንያት ይኸው ነው።

፪

በባቡር ዓለም ባለ ሁለት ደርብ መለዋወጫ ጣቢያ የሚባል አለ። አንዱ መስመር በላይ በድልድይ፣ ሌላው በታች በምድር ወይም ከምድር ሥር ያልፋል። ሁለቱ ባቡሮች አይነካኩም፤ የሚለዋወጠው መንገደኛው ነው። ከላይኛው ወርዶ በደረጃ ወደ ታችኛው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የበርሊን ዋና ጣቢያ እንዲህ ያለ ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያልፈው ባቡር በላይ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያልፈው ከምድር በታች ነው።

እንዲህ ያለ ጣቢያ ለመሆን ከሐዲዱ ሌላ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ ደረጃ፤ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ሊወጣና ሊወርድበት የሚችል። ሁለተኛ ሰዓት፤ የላይኛው ሲደርስ የታችኛው ሄዶ እንዳይገኝ አስቀድሞ የተስማማ። ሦስተኛ ኃላፊ፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ቢቀሩ «ለምን?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁለት መስመር አለ እንጂ አንድ ጣቢያ የለም።

እስቲ አሁን ደባርቅን በዚህ ዓይን እንያት። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው መንገድ በደጋው አናት ላይ ነው። ደባርቅ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማው ጥቂት ራቅ እንዳሉ ምድር ያልቃል። ሊማሊሞ ይጀምራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ፣ ወደ አዲ አርቃይ፣ ከዚያም ወደ ማይ ፀብሪና ወደ ተከዜ ይወርዳል። በላይ ገብስና ባቄላ፣ በግና ጋቢ፤ በታች ማሽላና ሰሊጥ፣ ፍየልና ነጠላ። ጧት በብርድ እየተንቀጠቀጠ የተሳፈረ ሰው ቀትር ላይ ላቡን ይጠርጋል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሌላ መንገድ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ አልፎ፣ ቧሂት ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ወደ ጃን አሞራና ወደ በየዳ ያዘልቃል።

እንግዲህ ሦስት መስመር በሦስት ከፍታ መሆኑ ነው። በደጋው መስመር ላይ ቅጥቅጥና ሚኒባስ ይመላለሳል፤ በቆላው መስመር ላይ አይሱዙው ሰሊጥና ሰው ቀላቅሎ ይወጣል፤ ወደ በየዳ ደግሞ በቅሎና እግር ዛሬም ሥራቸውን አልለቀቁም። ሁሉም ደባርቅ ላይ ይገናኛል። ተፈጥሮ ደርቡን ሠርታ አስረክባናለች። ደረጃው፣ ሰዓቱና ኃላፊው ግን የሰው ሥራ ነው። ታዲያ ሰው ምን ሠራ?

፫

ደረጃው ድሮም ነበር። ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከምጽዋ ተነሥቶ በዐድዋ በኩል ተከዜን የሚሻገር የሲራራ ነጋዴ ሊማሊሞን ሳይወጣ ከተማዪቱ አይደርስም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። ከባሕር ወገን ጨርቅና ዶቃ ይመጣል፤ ከመሐል አገር ሰም፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል። ሰውም ይወርዳል። ይህን መደበቅ አይገባንም፤ ባሪያ ተብሎ የተሸጠ የሰው ልጅ በዚያው ዳገት ላይ ተነድቷል። መንገድ ራሱ ደግ ወይም ክፉ አይደለም፤ የሚጭነውን ይጭናል።

የሲራራው ንግድ ግን ሥርዓት ነበረው። ነጋዴው ብቻውን አይሄድም፤ ተጠባብቆ፣ ተሰባስቦ፣ አለቃ ሾሞ ነው የሚነሣው። የነጋዴውም የቀረጡም አለቃ ነጋድራስ ነው። በኬላው ላይ ቀረጥ ሲቀበል የሚያማርረው ብዙ ቢሆንም፣ መንገደኛ ቢዘረፍ «የማን ኬላ ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ይታወቅ ነበር። የሰዓቱም ሠሌዳ ተከዜ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲጎድል መንገዱ ይከፈታል። ይህን ነጋዴውም፣ አሳዳሪውም፣ በቅሎ አከራዩም ያውቃል። እንግዲህ ሰዓትና ኃላፊ የሚባለው ነገር ከፈረንጅ አገር በመርከብ የመጣ አዲስ ዘዴ አልነበረም። ቀረጡ ይመርር እንደሆነ እንጂ አባቶቻችን ያውቁት ነበር።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ከዚሁ ከስሜን ደጋ፣ ጃን አሞራ ውስጥ፣ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ስለ ዘመናቸው ብዙ ተብሏል። እኛ የምናነሣው መንገዳቸውን ብቻ ነው። ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. ገደል እየደረመሱ፣ ሸለቆ እየሞሉ፣ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ መንገድ አወጡ።

በእነዚያው ወራት በቀይ ባሕር ዳር፣ ዙላ ላይ፣ እሳቸውን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ስንቁንና ወታደሩን ከመርከብ ወደ ተራራው ግርጌ ለማጓጓዝ ሐዲድ ዘረጋ። ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። በዚህ በእኛ ቀጣና ምድር ላይ የተነጠፈ የመጀመሪያው ሐዲድ ያ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ነቅለው ሄዱ።

አስቡት እንግዲህ። በአንድ ወገን ንጉሥ በእጁ ዓለት እየፈነቀለ፣ በሌላ ወገን እንፋሎት እየጨሰ፣ ሁለት መስመር ወደ አንድ ተራራ ገሠገሠ። መቅደላ ላይ ሲገናኙ የተለዋወጡት ጥይት ነበር። ባቡር ከዚህ አገር ታሪክ ጋር የተዋወቀው እንዲህ ነው፤ እንግዲህ ከመጀመሪያውም አገናኝ ሆኖ አልመጣም።

፬

ከዚያ በኋላ ያለው የሐዲድ ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው ስለሆነ አናንዛዛውም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። በሰሜን ደግሞ ጣሊያን በቅኝ ግዛቱ ከምጽዋ የጀመረውን በ1904 ዓ.ም. አሥመራ አደረሰ፤ ከዚያ ወደ ከረን፣ ወደ አቆርዳት፣ በመጨረሻም በ1924 ዓ.ም. ገደማ እስከ ቢሻ ገፋው። አንዱም ጎንደር አልደረሰም። አንዱም ስሜንን ቀና ብሎ አላየም።

«ተራራው ነዋ!» ይሉናል። እውነት ነው፤ ሊማሊሞ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን የምጽዋና የአሥመራ ባቡር ከባሕር ዳር ተነሥቶ 118 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ፣ በዋሻና በድልድይ እየተጠማዘዘ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። ተራራ ሐዲድን አያቆመውም፤ ወጪውን ያበዛዋል። ወጪውን ደግሞ የሚከፍል የሚገኘው ጌታ በሚፈልገው አቅጣጫ ነው። አንዱ መስመር ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ሌላው ወደ ቅኝ ገዢው ከተማ ሄደ። ሁለቱም አንድ ጫፋቸው ወደብ ነው። ገበሬው ከገበሬው የሚገናኝበት መስመር ግን የማንም ጌታ ጉዳይ አልነበረም።

ሆኖም ስለ አሮጌው የጅቡቲ ባቡር አንድ ነገር በሐቅ መመስከር ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ የመንገደኛ ማረፊያ ተሠርቶ ነበር። ሰውን የሚያሳድር ጣቢያ ማደሪያ ማሰናዳት እንዳለበት ያ ባቡር ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

በደባርቅ ግን ሐዲዱ ሳይሆን መኪናው ቀደመ። ፋሺስት ጣሊያን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ ከአሥመራ በተከዜና በሊማሊሞ በኩል ለመኪና የሚሆን መንገድ አወጣ። ያ ጥምዝምዝ የሊማሊሞ መንገድ ዛሬም ያየውን ሁሉ ያስደንቃል። በድንጋይ የተገነባውን ደጋፊ ግንብ እያየን «እንዴት አድርገው ሠሩት!» የምንል ሰዎች፣ የጉልበት ሠራተኛው ማን እንደነበርና መንገዱም ለምን እንደተሠራ አብረን ብንጠይቅ መልካም ነው። ወታደር ለማውጣት ነው የተሠራው። «ትሬንታ ኳትሮ» የሚባለው ከባድ መኪና እያቃሰተ ሲወጣበት የጫነው ለባላገሩ ዘይትና ጨው ብቻ አልነበረም።

መገናኛ ቦታ ሲቆለፍ ምን እንደሚሆን ያስተማረንም ያው መንገድ ነው። አሥመራ በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ወር በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ የጎንደሩ የጣሊያን ጦር ገና አልተነካም ነበር። ከደባርቅ አጠገብ፣ የሊማሊሞ አናት ላይ፣ ወልቅፊት የሚባለውን በር በኮሎኔል ጎኔላ የሚመራ ጦር ዘጋው። ከአሥመራ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሁሉ ገደሉ ግርጌ ቆመ። አርበኞች ከበቡት፤ ቦታው በቀላሉ አልሰጥ ብሎ ወራት ፈጀ። በመስከረም 1934 ዓ.ም. ስንቅ አልቆበት እጁን ሰጠ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ጎንደር ነፃ ወጣች። ደረጃውን የያዘ ሁለቱንም ደርብ ይይዛል። ይህን የጦር ሰዎች ሁልጊዜ ያውቁታል። የሚያስቆጨው የሰላም ጊዜ ሰዎች የሚረሱት መሆናቸው ነው።

፭

አሁን ከስሜን ወጣ ብለን ወደ አዲስ አበባ እንሂድ፤ እውነተኛው ባለ ደርብ ጣቢያ ያለው እዚያ ነውና። ለገሃር የሚለው ስም የፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም ጣቢያው፣ ነው። የአሮጌው ባቡር ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመርቆ ዛሬም ቆሟል፤ ከፊቱም የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ መነሣቱን አቆመ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር ደግሞ የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሐዲዱ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ነው፤ ለገሃር ላይ ስትቆሙ አዲሱ ባቡር ከራሳችሁ በላይ ያልፋል፣ አሮጌው ጣቢያ ከታች ዝም ብሏል።

ቀላል ባቡሩ ሁለት መስመር አለው፤ አንደኛው ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ። ጠቅላላ ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጣቢያው 39፣ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ 85 ከመቶው የቻይና ብድር ነው። ሁለቱ መስመሮች በስታዲየም፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮ፣ በተግባረ እድና በልደታ ጣቢያዎች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ከቃሊቲ የመጣ ሰው ከእነዚህ በአንዱ ወርዶ፣ እዚያው ቆሞ፣ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውን ይሳፈራል። ከላይ ባቡር፣ ከታች ታክሲና አውቶቡስ፤ በመካከል ደረጃ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ከጧት እስከ ማታ የሚጋፋው ሕዝብ ይመሰክራል። በኋላ ግን መለዋወጫ ዕቃ እየጠፋ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ቆሙ። ባቡሩ ሲያንስ ሰዓቱ ይረዝማል፤ ሰዓቱ ሲረዝም ደረጃው ብቻውን ይቀራል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከታኅሣሥ 2010 ጀምሮ የንግድ አገልግሎት ጀመረ። 750 ኪሎ ሜትር የሚያህል፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትልቅ ሥራ ነው። መንገደኛው የሚሳፈረው ግን ከለገሃር ሳይሆን ከከተማው ዳር፣ ከለቡ ነው። ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ረጅሙ ባቡር ለቡ ላይ ይቆማል። በመካከላቸው ያለውን የሚያገናኘው ምን ይመስላችኋል? ሚኒባስ! ሁለት ባቡር ባለበት ከተማ መንገደኛው ሻንጣውን ተሸክሞ ወያላ ይለምናል። እኛ ደባርቅ ላይ የምንሠራው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ያለ ዶላር መሆኑ ነው።

ወደ ሰሜን የሚመጣው ሐዲድስ? ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር በቱርክ ኩባንያ ተጀምሮ አብዛኛው ተሠርቶ ነበር። አዋሽ ላይ ከጅቡቲው፣ ሐራ ገበያ ላይ ከመቀሌው ጋር እንዲገናኝ ነበር ሐሳቡ፤ አገናኝ ጣቢያ ማለት ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ንብረቱ ተዘረፈ፣ ወደመ። ከዚያ በፊት በወጣው የአገር አቀፍ የባቡር ዕቅድ ላይ ደግሞ ከወረታ በአዘዞ ወደ መተማ የሚሄድ መስመር ተሥሎ ነበር። አዘዞ የጎንደር ደጃፍ ነው። መስመሩ በካርታ ላይ ቀረ። ቢሠራ እንኳ ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ያው ቅጥቅጥ ነው።

፮

ስለዚህ ወደ መናኸሪያችን እንመለስ።

የምንጽፈው ከሆዳችን ነውና አንድ ነገር እንናገር። ከመካከላችን የአንዱ የአጎት ልጅ ምጥ ጠንቶባት ከጃን አሞራ ወገን በቃሬዛ ተነሣች። ስምንት ጎረምሳ እየተፈራረቀ ተሸከማት። አንድ ቦታ ላይ የጭነት መኪና አግኝተው ጥቂት አገዛቸው። ደባርቅ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ወደ ጎንደር የሚሄደው የመጨረሻው መኪና ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ወጥቷል። አምቡላንሱ ሌላ ሰው ሊያመጣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። ኮንትራት መኪና ተፈልጎ፣ ገንዘብ ተለምኖ፣ ሌሊት ጎንደር ገቡ። እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

ማንን እንክሰስ? ሾፌሩን? መኪናው ስለሞላ ወጣ፤ ሥራው ነው። ተራ አስከባሪውን? ከበላይ መንደር በቃሬዛ የምትመጣ ሴት እንዳለች በምን ይወቅ? እያንዳንዱ መስመር የራሱን ሥራ ሠርቷል። ላይኛው መጣ፣ ታችኛው ሄደ። የሞተው ልጅ የሞተው በሁለቱ መካከል ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የለም። በነጋድራሱ ዘመን እንኳ «የማን ኬላ ነው?» ይባል ነበር። ዛሬ ያን ጥያቄ ብንጠይቅ ዞር ብሎ የሚያየን የለም።

ጦርነቱ ይህንኑ መገጣጠሚያችንን ነው የመታው። ሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ ሽሬ የሚያሻግረው የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። በዚያው ክረምት ጦርነቱ ዳገቱን ወጣ፤ በነሐሴ መጨረሻ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ ንጹሐን ሰዎች ተገደሉ። ከቆላው የተፈናቀለው ሕዝብ ልጁን አዝሎ በዚያው ሊማሊሞ ወጥቶ ደባርቅ ላይ ሰፈረ። ሰሊጥና ገብስ ይለዋወጡበት የነበረው ቦታ የእርዳታ ስንዴ መቀበያ ሆነ። ድልድይ ሲፈርስ ኮንክሪቱን መልሶ ማቆም ይቻላል። በወዲያና በወዲህ ያለው ሰው እንደ ቀድሞው ገበያ ለገበያ እስኪገናኝ ግን ከሲሚንቶ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ቢሆንም መጀመሪያ የሚገናኙት አንድ የቆላ ሰውና አንድ የደጋ ሰው የት እንደሚገናኙ ብንጠየቅ፣ ሳናመነታ «ደባርቅ መናኸሪያ» እንላለን። ሌላ የት አለ?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሐዲድ በእኛ ዕድሜ ሊማሊሞን ይወጣል ብለን አንዋሽም። ባለ ደርቡን ጣቢያ ጣቢያ ካደረጉት ሦስት ነገሮች ግን አንዱም ሐዲድ አይፈልግም። ደረጃ ማለት እዚህ ለእኛ ከዝናብና ከውርጭ የሚያስጠልል አንድ ቤት ነው፤ በሽተኛ የሚጋደምበት፣ አራስ የምትቀመጥበት። አዋሽ ላይ ከመቶ ዓመት በፊት የታሰበውን እኛ ዛሬ ብናስበው ቅንጦት አይባልም። ሰዓት ማለት ወደ ጎንደር የሚሄደው የመጨረሻ መኪና ከጃን አሞራና ከዛሪማ የሚመጡትን ሳያይ እንዳይወጣ መስማማት ነው፤ ዛሬ በየሰው ኪስ ስልክ አለና ከላይ የተነሣ «መጣሁ» ሊል ይችላል። ኃላፊ ማለት ደግሞ የሁለቱም መስመር ያልሆነ፣ የመገናኛው የሆነ፣ ስሙ በር ላይ የተጻፈ አንድ ሰው ነው። ለሦስቱ የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ሐዲድ ድልድይ ምሰሶ አያቆምም።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል? መጻፍ ብቻ እንዳይሆን። በመጪው ዕረፍት ከስሜን ወረዳዎች የመጣን ተማሪዎች ሁሉ አንዳንድ ደብተር ይዘን እንሂድ። ስንት ሰዓት ደረስን፣ ስንት ሰዓት ጠበቅን፣ ከእኛ ጋር ማን ጠበቀ፣ ማን ሳይሳፈር ቀረ፤ ይህን እንጻፍ። ዳባት የሚወርደው ዳባት ላይ፣ አዲ አርቃይ የሚሄደው አዲ አርቃይ ላይ ይመዝግብ። ስንመለስ ደብተሮቻችንን ጎን ለጎን እንዘርጋቸው። በዚህ አገር ስለ ሐዲድ ርዝመት ብዙ ቁጥር ተጽፏል፤ ሰው በሐዲዱና በሐዲዱ፣ በመኪናውና በመኪናው መካከል ቆሞ የጠበቀውን ሰዓት የቆጠረ ግን አላየንም። ቆጥሮ የመጣ ሰው ሲጠይቅ መልስ መንፈግ ያስቸግራል።

የዚያን ዕለት ነገር እንጨርስ። መኪናችን በስንት መከራ ሞላች። ረዳቱ በሩን ደብድቦ «ሳበው!» ሲል ከገበያው ጀርባ ቱክ ቱክ ቱክ የሚል ድምፅ ተሰማ። ናፍጣ መጥቶለታል ማለት ነው። አረጋዊው ከፀሐይዋ ተነሥተው፣ አጠገባቸው የነበረችውን የእህል ስልቻ ለካስ የእሳቸው ኖሯል፣ ትከሻቸው ላይ አደረጉና በመስኮት ቀና ብለው አዩን።

«ይኸው የእኔ ባቡር መጣ» አሉ፤ «የእናንተንም ያምጣላችሁ።»

አሜን ብለን ሄድን።